የሳይቶካይኖች ሚና በአስምና በአየር ቧንቧ አለርጂ፦ ለጤና ጣቢያ ሕክምና ያለው ትርጉም

መግቢያ

ሮብ ገበያ ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን፣ በጮቄ ተራራ አካባቢ የምትገኝ የስናን ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ እንደሚያመለክተው የረቡዕ ገበያ መዋያ ስትሆን፣ አካባቢው ገብስ፣ ስንዴና ድንች የሚመረትበት ደጋ ነው። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ እንዲሆነን በእንዲህ ያለ ሥፍራ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ዘወትር ሊያጋጥም የሚችል አንድ ሁኔታ እናስብ።

ዕድሜዋ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነ አንዲት እናት በገበያ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ትመጣለች። በየዓመቱ ከኅዳር ወር ጀምሮ፣ አውድማ ተለቅልቆ እህል ሲበራይ፣ ያስነጥሳታል፤ ዓይኗን ያሳክካታል፤ ሌሊት ደረቷ እየታፈነ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ታሰማለች። የአሚኖፊሊን መርፌ ትወጋለች፤ የሳልቡታሞል እንክብልም ይሰጣታል። ያን ቀን ተሽሏት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን በዚያው ሕመም ተመልሳ ትመጣለች። ምናልባትም በሦስተኛው ጊዜ የምትመጣው በሰው ሸክም ይሆናል።

ይህች እናት ለምን ተመለሰች? ለጥያቄው አጥጋቢ መልስ የሚገኘው የአየር ቧንቧን ጡንቻ በመመልከት ብቻ ሳይሆን፣ ጡንቻውን እንዲኮማተር፣ ቧንቧውንም እንዲያብጥና አክታ እንዲሞላው የሚያዝዙትን መልእክት አድራሽ ፕሮቲኖች በመረዳት ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች ሳይቶካይን ይባላሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሳይቶካይኖች በአስምና በአየር ቧንቧ አለርጂ ላይ ያላቸውን ሚና ማስረዳትና ይህ ዕውቀት በአነስተኛ የጤና ተቋም ለሚሠራ ባለሙያ የሚሰጠውን ተግባራዊ ጥቅም ማመልከት ነው።

ሳይቶካይን ምንድን ነው?

ሳይቶካይኖች ሕዋሳት እርስ በርሳቸው መልእክት የሚለዋወጡባቸው ጥቃቅን ፕሮቲኖች ናቸው። አንድ ሕዋስ ያመነጨው ሳይቶካይን በሌላው ሕዋስ ላይ ከሚገኘው ተቀባይ ጋር ሲጣበቅ፣ ተቀባዩ ሕዋስ እንዲራባ፣ ዕድሜው እንዲረዝም፣ ወደ አንድ የአካል ክፍል እንዲጓዝ ወይም ሥራውን እንዲያቆም ትእዛዝ ይደርሰዋል። በነጭ የደም ሕዋሳት መካከል መልእክት የሚያደርሱት ብዙዎቹ ኢንተርሊውኪን የሚል መጠሪያ ሲኖራቸው፣ በተገኙበት ቅደም ተከተል ቁጥር ተሰጥቷቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1986 ሞስማንና ኮፍማን የተባሉ ተመራማሪዎች የአይጥ ረዳት ቲ-ሊምፎሳይቶች በሚያመነጩት ሳይቶካይን መሠረት በሁለት ዓይነት እንደሚከፈሉ አሳዩ። ዓይነት 1 የሚባሉት በዋነኛነት ኢንተርፌሮን-ጋማን በማመንጨት እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያሉ በሕዋስ ውስጥ የሚኖሩ ጀርሞችን ለመዋጋት ይረዳሉ። ዓይነት 2 የሚባሉት ደግሞ ኢንተርሊውኪን-4፣ ኢንተርሊውኪን-5ና ኢንተርሊውኪን-13ን ያመነጫሉ፤ ተፈጥሯዊ ተግባራቸውም የአንጀት ትሎችን መከላከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በለንደን የተካሄደ ጥናት አለርጂያዊ አስም ካለባቸው ሰዎች ሳንባ በታጠበ ፈሳሽ ውስጥ የዓይነት 2 መልእክት በርክቶ መገኘቱን አረጋገጠ። ስለሆነም አለርጂያዊ አስም ትልን ለመዋጋት የተዘጋጀው ሠራዊት ጉዳት በማያደርስ ብናኝ ላይ ሲዘምት የሚፈጠር ሕመም ነው ለማለት ይቻላል።

ከአውድማ ብናኝ እስከ ትንፋሽ ማጠር

የመልእክቱ ሰንሰለት የሚጀምረው የአየር ቧንቧን ውስጣዊ ገጽ ከሸፈኑት ሕዋሳት ነው። የእህል ብናኝ፣ የአበባ ዱቄት፣ ማይት የሚባሉት በቤት አቧራ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ተባዮች፣ ጭስ ወይም የጉንፋን ቫይረስ እነዚህን ሕዋሳት ሲጎዳ፣ ሕዋሳቱ ቲ.ኤስ.ኤል.ፒ.፣ ኢንተርሊውኪን-25ና ኢንተርሊውኪን-33 የተባሉ የማንቂያ ሳይቶካይኖችን ይለቃሉ። እነዚህም የድረሱልኝ ጥሪ እንደሚያሰማ ጎረቤት ናቸው። ጥሪው ለሁለት ወገን ይደርሳል። አንደኛው ባዕድ ነገሩን ይዞ ወደ ንፍፊት የሚሄደውና ረዳት ቲ-ሕዋሳትን ወደ ዓይነት 2 የሚመራው ዴንድሪቲክ ሕዋስ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ በግልጽ የታወቀው፣ ለአንድ ባዕድ ነገር ተለይቶ መሠልጠን ሳያስፈልገው እነዚያኑ የዓይነት 2 ሳይቶካይኖች የሚያመነጨው የሊምፎሳይት ወገን ነው።

ከዚህ በኋላ ሦስቱ ዋና ዋና ሳይቶካይኖች ሥራቸውን ይከፋፈላሉ።

ኢንተርሊውኪን-4 ቢ-ሊምፎሳይቶች አይ.ጂ.ኢ. የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል እንዲያመርቱ ያዝዛል። ይህም አይ.ጂ.ኢ. በማስት ሕዋሳት ላይ ተለጥፎ ይቆያል። ያው ብናኝ በድጋሚ ሲገባ ማስት ሕዋሳቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሂስታሚንና ሉኮትራይን ይለቃሉ፤ ጡንቻ ይኮማተራል፤ ማስነጠስና ማሳከክም ይከተላል።

ኢንተርሊውኪን-5 ኢዮሲኖፊሎች በመቅኒ ውስጥ እንዲበዙ፣ ወደ ደም እንዲወጡና ዕድሜያቸው እንዲረዝም ያደርጋል። ኢዮሲኖፊሎች ወደ አየር ቧንቧ ሲደርሱ የሚለቋቸው መርዛማ ፕሮቲኖች ለትል የታሰቡ ቢሆኑም የቧንቧውን ገጽ ይጎዳሉ።

ኢንተርሊውኪን-13 አክታ አመንጪ ሕዋሳትን ያበዛል፤ የቧንቧው ጡንቻም ለቀዝቃዛ አየር፣ ለጭስና ለሩጫ ከልክ በላይ ቁጡ እንዲሆን ያደርጋል። በከባድ አስም የሞቱ ሰዎች ሳንባ ሲመረመር ጠባብ የአየር ቧንቧዎች በወፍራም አክታ ተደፍነው የሚገኙት ከዚህ ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው።

ይህን ቅደም ተከተል ማወቅ አንድ የተለመደ ስሕተትን ያርማል። ታማሚዋ አውድማ ውላ ወዲያውኑ የሚይዛት መታፈን በማስት ሕዋሳት የሚመጣው የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ ጀምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት፣ የሚመለሰው ሁለተኛው ምዕራፍ ግን በሳይቶካይን ጥሪ የመጡ ኢዮሲኖፊሎችና ሊምፎሳይቶች የሚያስከትሉት ብግነት ነው። ሳልቡታሞል የመጀመሪያውን ያስታግሳል፤ በሁለተኛው ላይ ግን ጡንቻን ከማላላት ያለፈ ሥራ የለውም። ታማሚዋ ተሽሏት ሄዳ የምትመለሰውም ትእዛዙ ስላልተቋረጠ ነው።

በአፍንጫ ውስጥ የሚካሄደውም ይኸው ነው። አፍንጫና ሳንባ አንድ የአየር መንገድ እንደመሆናቸው፣ የአፍንጫ አለርጂ ያለበት ሰው ለአስም የተጋለጠ ነው። ስለዚህ በአስም የሚሠቃይን ሰው ስለ አፍንጫው መጠየቅ፣ በየዓመቱ አፍንጫው የሚዘጋበትን ሰው ደግሞ ስለ ደረቱ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የጅማ ጥናቶች ያስተማሩን

በሀገራችን በዚህ ጉዳይ ላይ ከተካሄዱት ጥናቶች ሁሉ በዓለም ዘንድ ይበልጥ የታወቁት በጅማ የተካሄዱት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው መጽሔት የታተመውና በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ከ12,000 በላይ ሰዎችን ያካተተው ጥናት፣ ሲር ሲር የማለት ምልክትና አስም በገጠሩ ከከተማው ያነሰ መሆኑን አሳየ። ከሁሉም ይበልጥ ትኩረት የሳበው ግን ሌላ ነገር ነበር። በከተማው ሕዝብ ዘንድ በቆዳ ምርመራ ለማይት አለርጂ መኖሩ ከሕመሙ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በገጠሩ ግን ይህ ዝምድና አልታየም። ማለትም አይ.ጂ.ኢ. መኖሩ ብቻ ሰውን አያሳምምም።

እ.ኤ.አ. በ2001 በዚያው መጽሔት የወጣው ተከታይ ጥናት የመንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ሲር ሲር ከሚለው ሕመም የተሻለ ጥበቃ እንዳላቸው አመለከተ። የልዩ ልዩ አገሮችን ጥናቶች በአንድነት የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሥራም የመንጠቆ ትል የአስምን ዕድል ወደ ግማሽ እንደሚቀንስ፣ ወስፋት ግን በተቃራኒው በመጠኑ እንደሚጨምር ደመደመ።

ትል የዓይነት 2 ሳይቶካይኖችን የሚቀሰቅስ ከሆነ አለርጂን ማባባስ ሲገባው እንዴት ይቀንሳል? መልሱ በሌላ የሳይቶካይን ወገን ውስጥ ይገኛል። በሰው አካል ውስጥ ለዓመታት የሚኖር ትል እንዳይባረር ሲል የአስታጋሽ ቲ-ሕዋሳትን ሥራ ያጠናክራል። እነዚህም ኢንተርሊውኪን-10ና ቲ.ጂ.ኤፍ.-ቤታ የተባሉትን በማመንጨት ዘመቻውን ያበርዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በጋቦን ተማሪዎች ላይ የወጣ ጥናት በቢልሃርዚያ የተያዙት ልጆች በቆዳ ምርመራ ለማይት የሚያሳዩት አለርጂ አነስተኛ መሆኑንና ይህም ከኢንተርሊውኪን-10 መጨመር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ወሳኙ ነገር በሚያነሣሡና በሚያበርዱ ሳይቶካይኖች መካከል ያለው ሚዛን ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ግን ትልን አለማከም ይሻላል ብሎ መደምደም ከባድ ስሕተት ነው። በኢኳዶር ለአንድ ዓመት አልቤንዳዞል በተሰጣቸው ልጆች ላይ የተደረገ ሙከራ አለርጂ መጨመሩን አላሳየም። በቬትናም በተደረገው ሙከራ ደግሞ የቆዳ ምርመራ ውጤት ቢጨምርም ሕመሙ ራሱ አልጨመረም። በእንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም፣ አስም ላለባቸው ፈቃደኞች ሆን ተብሎ የመንጠቆ ትል እጭ በተሰጠበት አነስተኛ ሙከራም ጉልህ መሻሻል አልተገኘም። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ 1,065 ነፍሰ ጡር እናቶችን መዝግቦ ልጆቻቸውን የተከታተለው የቡታጅራ ጥናትም በሕፃናቱ ላይ የተገኘው ትል እጅግ አነስተኛ ስለነበር ጥያቄውን ለመቋጨት አላስቻለም። በአንጻሩ የትል በሽታ የሚያስከትለው የደም ማነስና የዕድገት መቀጨጭ የማያጠራጥር ጉዳት ነው።

ወደ ደጋው ስንመለስ

የጅማን ውጤት እንዳለ ወደ ሮብ ገበያ ማምጣት አይቻልም። የመንጠቆ ትል እጭ እርጥበትና ሙቀት ያለው አፈር ስለሚሻ በቀዝቃዛ ደጋ በቀላሉ አይራባም። የወስፋት እንቁላል ግን ብርድን ይቋቋማል። በዚህም ምክንያት በደጋ የሚሠራ ባለሙያ ይበልጥ የሚያጋጥመው ጥበቃ ይሰጣል የተባለው ትል ሳይሆን ሳንባን የሚያስቆጣው ነው። የወስፋት እጭ በሳንባ በኩል ሲያልፍ ሳል፣ ሲር ሲር ማለትና የኢዮሲኖፊል መብዛትን ያስከትላል። ይህ የሎፍለር ሕመም የሚባለው ሲሆን፣ በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ የሚያልፍ በመሆኑ ከአስም ጋር መምታታት የለበትም። በዚህ ጊዜ እጩ ገና እንቁላል ስለማይጥል የሰገራ ምርመራ ንጹሕ ሊሆን እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም።

ሁለተኛው ልዩነት ጭስ ነው። በደጋ ቤት ውስጥ ለብርዱም ለምግቡም ሲባል ኩበት፣ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይነዳል። ጭሱ የአየር ቧንቧን ገጽ ሲጎዳ ከላይ የተጠቀሱትን የማንቂያ ሳይቶካይኖች ብቻ ሳይሆን ኢንተርሊውኪን-8ንም ያስለቅቃል። ይህ ሳይቶካይን፣ እንዲሁም እርሱን የሚያጠናክረው ኢንተርሊውኪን-17፣ የሚጠሩት ኢዮሲኖፊልን ሳይሆን ኒውትሮፊልን ነው። ኒውትሮፊል የሚበዛበት የአየር ቧንቧ ብግነት ደግሞ ለስቴሮይድ መድኃኒት የሚሰጠው ምላሽ ደካማ ነው።

እንግዲህ በጆሮ ሲሰማ አንድ የሚመስለው ሲር ሲር የሚል ድምፅ በሁለት የተለያዩ የመልእክት መስመሮች ሊመጣ ይችላል። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚነሣና የሚተው መታፈን፣ የአፍንጫ ማሳከክና ወቅትን የተከተለ ሕመም ያላት ወጣት የዓይነት 2 መስመር ትሆናለች። ለሠላሳ ዓመት ምድጃ ሥር የኖሩ፣ ዕለት ተዕለት እየባሰ የሚሄድ ትንፋሽ ማጠርና አክታ ያለባቸው አሮጊት ደግሞ በጭስ የሚመጣ ሥር የሰደደ የሳንባ መጥበብ ሊኖርባቸው ይችላል። እንዲሁም ሻጋታ ከያዘ ድርቆሽና ገለባ ጋር ውሎ ከሰዓታት በኋላ ትኩሳትና ሳል የሚይዘው፣ ነገር ግን ሲር ሲር የማይል ገበሬ፣ በአይ.ጂ.ኢ. አማካይነት የማይመጣ ሌላ የሳንባ ሕመም ሊሆንበት ስለሚችል ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት። ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየበት ሰው ሁሉ ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር እንዳለበት ደግሞ አንባቢ አይስተውም።

መድኃኒቶች ሰንሰለቱን የት ላይ ይቆርጣሉ?

በዚህ ዘመን በሳይቶካይኖች ላይ በቀጥታ ያነጣጠሩ መድኃኒቶች ተሠርተዋል። አይ.ጂ.ኢ.ን የሚይዘው ኦማሊዙማብ እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ተፈቀደ። ኢንተርሊውኪን-5ን የሚይዘው ሜፖሊዙማብ በ2015፣ የኢንተርሊውኪን-4ና 13ን የጋራ ተቀባይ የሚዘጋው ዱፒሉማብ ለአስም በ2018፣ ቲ.ኤስ.ኤል.ፒ.ን የሚይዘው ቴዜፔሉማብ ደግሞ በ2021 ተከተሉ።

የሜፖሊዙማብ ታሪክ ትምህርት ሰጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የመጀመሪያ ሙከራ መድኃኒቱ የደም ኢዮሲኖፊልን ቢቀንስም ለታማሚዎቹ ያስገኘው ፋይዳ አልታየም ነበር። በ2009 ግን ኢዮሲኖፊል የበዛባቸው ከባድ ታማሚዎች ብቻ ተመርጠው ሲሞከር ሕመሙ የሚነሣበት ጊዜ በግልጽ ቀነሰ። መድኃኒቱ ያው ሆኖ ሳለ የተለወጠው የታማሚው ምርጫ ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች በዋጋቸው ውድነት ለአብዛኛው ሕዝባችን የሚደረስባቸው አይደሉም። ሆኖም የሚሳብ ስቴሮይድ፣ ማለትም ቤክሎሜታዞን ወይም ቡዴሶናይድ፣ ከእነዚሁ ሳይቶካይኖች ብዙዎቹን በአንድነት ይቀንሳል። ስቴሮይድ በሕዋሱ ውስጥ ከተቀባዩ ጋር ተጣምሮ ወደ ኑክሊየስ በመግባት የኢንተርሊውኪን-4፣ 5ና 13 ጂኖች እንዳይነበቡ ያደርጋል። መልእክቱን ከተጻፈ በኋላ ከመያዝ ይልቅ ጸሐፊውን ዝም ማሰኘት ማለት ነው። የጂን ሥራ ለመለወጥ ጊዜ ስለሚፈልግ ውጤቱ በደቂቃዎች አይታይም። ታማሚዎች «ይህኛው አይሠራም» ብለው የሚተዉትም በዚህ ምክንያት ነው። የሲጋራ ጭስ ስቴሮይድ ለዚህ ተግባሩ የሚያስፈልገውን ኢንዛይም ስለሚያዳክም፣ ማጨስ ማቆም የሕክምናው አካል ነው።

ዓለም አቀፉ የአስም መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ምክር፣ ለአዋቂዎችና ለአፍላ ወጣቶች አስምን በሳልቡታሞል ብቻ ማከም እንደማይገባ አስታውቋል። ምክንያቱ ከላይ የተብራራው ነው። ጡንቻው እየላላ ብግነቱ በዝምታ ሲቀጥል፣ ታማሚው የደኅንነት ስሜት እየተሰማው ለሞት ወደሚያደርስ ሕመም ሊያመራ ይችላል።

ለጤና ባለሙያው ተግባራዊ ምክር

1. በአንድ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ ለመርፌ የሚመጣን ታማሚ «የለመደ» ብሎ ማለፍ አይገባም። መመላለሱ ራሱ ብግነቱ አለመታከሙን የሚናገር ምልክት ነው። የሚሳብ ስቴሮይድ ሊጀመርለት፣ ካልተገኘም ወደሚገኝበት ተቋም ሊላክ ይገባል።

2. በከባድ ሕመም ጊዜ ሳልቡታሞልን በመንፊያ በየ20 ደቂቃው መደጋገም፣ ኦክስጅን መስጠትና ፕሬድኒሶሎንን ሳይዘገዩ ማስዋጥ ያስፈልጋል። ስቴሮይዱ ሥራውን ለመጀመር ሰዓታት ስለሚፈጅበት «መጀመሪያ እንየው» ማለት ውድ ጊዜን ማባከን ነው።

3. ለመንፊያው የአየር መያዣ ከሌለ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ መጠቀም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከደቡብ አፍሪካ የወጣ ጥናት በአግባቡ የተዘጋጀ ጠርሙስ ለልጆች ከፋብሪካው መሣሪያ የማይተናነስ መሆኑን አሳይቷል።

4. ትል በሚበዛበት አገር የኢዮሲኖፊልና የአይ.ጂ.ኢ. መብዛት ብቻውን አስምን አያረጋግጥም። ስቴሮይድን ለረጅም ጊዜ በአፍ ከመስጠት በፊት ስትሮንጂሎይድስ የተባለውን ትል ማሰብና ማከም ያስፈልጋል፤ መከላከያው በስቴሮይድ ሲዳከም ይህ ትል በመላ አካል ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላልና።

5. ምክሩ ከኑሮው ጋር የሚስማማ ይሁን። ገበሬን ከአውድማ ራቅ ማለት እንጀራውን ተው ማለት ነው። ይልቁንም እህል በሚበራይበት ወቅት አፍና አፍንጫውን በነጠላ እንዲሸፍን፣ ከነፋሱ በስተላይ እንዲቆም፣ የሚሳብ ስቴሮይዱንም ወቅቱ ከመድረሱ ከሳምንታት በፊት ጀምሮ ሳያቋርጥ እንዲወስድ መምከር ይቻላል። በቤት ውስጥ ደግሞ ለጭሱ መውጫ ማበጀት፣ ማድ ቤቱን ከመኝታው መለየትና መኝታን ፀሐይ ላይ ማስጣት ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

አስም የጡንቻ መኮማተር ብቻ ሳይሆን የመልእክት ሕመም ነው። ኢንተርሊውኪን-4፣ 5ና 13 ብግነቱን ያነሣሣሉ፤ ኢንተርሊውኪን-10ና መሰሎቹ ያበርዳሉ፤ ጭስ ደግሞ መስመሩን ወደ ሌላ ይመራዋል። ይህን የተረዳ ባለሙያ በገበያ ቀን ወደ እርሱ ለመጣችው እናት ሁለት ነገር ይሰጣታል፤ ዛሬ ሌሊት እንድትተነፍስ የሚረዳትን መድኃኒት፣ እንዲሁም በሚመጣው ኅዳር እንዳትመለስ የሚያደርጋትን። የመጀመሪያውን መስጠት ለምደናል። ሁለተኛውን ሳይሰጧት መሸኘት ግን ሕመሙን ለሚቀጥለው የገበያ ቀን መቅጠር ነው።